ተሳትፎ ማለት አካፋ ይዞ መውጣት ነው እንዴ?

ባለፈው ሳምንት ማታ ስለ ተፋሰስ ዘመቻና ስለ ሕዝብ ተሳትፎ እዚህ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጽፌ ተኛሁ። ሦስት አራት ሰው ቢመልስልኝ ብዬ ነበር። መልሱ 34 ደርሷል። መሀል ላይ ተሰዳድበናል፣ የባህር ዛፍ ዋጋም ተጠያይቀናል። አሁን ለሚደርስ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበቡ ስለሚያደክም፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ያልጠቀስኩት ሰው ቅር እንዳይለው።

መጀመሪያ የኔ ጥያቄ። ጥር ላይ ደቡብ ወሎ፣ አጎቴ ዘንድ ነበርኩ። የተፋሰስ ዘመቻ ወቅት ነው፤ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስደው ሰዉ በጋራ እርከን የሚሠራበት። በጠዋት ጡሩምባ ይነፋል፤ ሰፈሩ ዶማና አካፋ ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። አንድ ቀን እኔም ወጣሁ። ሁለት ሜትር ቆፍሬ እጄ ተላጠ፣ ሰዉም ሳቀብኝ።

ማታ አጎቴ ከማሳቸው በላይ ያለውን እርከን አሳዩኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የተሠራ ነው። ድንጋዩ በሙያ የተደረደረ ነው፤ እንከን የለውም። ጉዱ መጨረሻው ላይ ነው። ድሮ ጎርፉ ዋንዛው ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈል ነበር። እርከኑ ሁለቱንም ሰብስቦ አንድ አደረገና ባሏ በሞተባት ጎረቤታቸው ማሳ ላይ ለቀቀው። አሁን እዚያ ሰው የሚውጥ ቦረቦር አለ። አጎቴ ሥራው ሲጀመር ይኼ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ታዲያ ምነው ዝም አሉ ብላቸው፣ «ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ።

ሪፖርቱ ላይ ግን ሥራው በሕዝብ ተሳትፎ ተከናወነ ተብሎ ይጻፋል። ውሸትም አይደለም፤ ሕዝቡ ተሳትፏል። በክንዱ። የጠየቅኩት ይኼንን ነው፦ የአካባቢያችንና የአየር ንብረት ዕቅዳችን ሕዝቡን በእጁ እንጂ በአፉ የማይጠራው ለምንድን ነው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ የሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድም ሲፈጸምም ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል ብዬ ጨመርኩበት፤ ትንሽ አዋቂ ለመምሰልም ጭምር።

መልስ 1 ጨዋ ነው። ጸሐፊው ከጎጃም ነው፤ አመስግኖኝ ጀመረ። በእነሱ ቀበሌ ዘመቻው ከተጀመረ ወዲህ ደርቆ የነበረ ምንጭ እንደተመለሰ፣ በበጋ ለከብት የሚታጨድ ሣር እንደተገኘ ነገረን። በአንድ እርከን አገሩን በሙሉ እንዳልኮንን በትሕትና መከረኝ። ተቀብያለሁ።

መልስ 2 ወረዳው የት እንደሆነ ጠየቀ። አልተናገርኩም፣ አሁንም አልናገርም። አጎቴ እዚያው ነው የሚኖሩት።

መልስ 3 የሕግ ሰው ሳይሆን አይቀርም። አንቀጽ 92 ላይ ብቻ ቆምኩ ብሎ አንቀጽ 43ንና 44ን ጨመረልኝ። 43 ሕዝብ ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ይሰጣል፤ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም የጥናት ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ቀጥሎ ግን አረመኝ። አዋጁ ለፋብሪካ፣ ለመንገድ፣ ለግድብ እንጂ ለእርከን ዘመቻ የታሰበ አይደለም። የእርከኑ መመሪያ ሌላ ነው፤ ግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ። እኔ ሁለቱን ደባልቄ ነበር።

መልስ 4ን ቆም ብላችሁ አንብቡት። የጻፈው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው፣ ሰባት ዓመት ሠርቷል። መመሪያው ምን እንደሚል በደንብ አስረዳን። መጀመሪያ ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚሆን ትንሽ ተፋሰስ ይለያል። ነዋሪው የዕቅድ ቡድን ይመርጣል፤ ሴትም ወጣትም ይኖርበታል። ከሽማግሌዎች ጋር ተፋሰሱን ከላይ እስከ ታች በእግር ይዞራሉ። ከዚያ መሬት ላይ ካርታ ይሣላል። እሱ የሠራው በአመድና በጠጠር ነበር፤ አመዱ ወንዝ፣ ጠጠሩ ቤት። ሰው ችግሩን ራሱ ይዘረዝራል፣ የቱ ይቅደም የሚለውንም ራሱ ይቆርጣል። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጎጥ ላይ፣ እንደ መመሪያው ሠርቶ ያውቃል። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። እዚያ የተሠራውን እስከ ዛሬ ከብት እንዳላፈረሰው በኩራት ነው የጻፈው።

ሌላውን ጊዜ ግን ኮታ ከወረዳ ይወርዳል። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል የጎርፍ ማገጃ ክትር። ኮታው ለቀበሌ፣ ከቀበሌ ለጎጥ፣ ከጎጥ ለልማት ቡድን ይከፋፈላል። ዕቅዱ ከኋላ ወደ ፊት ይጻፋል። ቃለ ጉባኤው ላይ ሕዝቡ ተወያይቶ አጸደቀ ይባልና ይፈረማል። ይኼን የጻፈው እያፈረ ነው፤ በስተመጨረሻ እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ኮታውን ምን ታደርጉት ነበር ብሎ ጠየቀን። ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ የሰጠ የለም። እኔም አልሰጠሁም።

5 መስማማቱን ብቻ ገልጾ አለፈ።

6 የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው፤ ጋሼ ልበላቸው። በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ፣ በስንዴና በዘይት፣ ወሎ ውስጥ ተራራ ሙሉ እርከን ሠርተዋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ሰው በየኮረብታው የተተከለውን ዛፍ ጨፈጨፈ፣ እርከኑንም በየቦታው ናደ። እሳቸውም እንደቆረጡ አልደበቁም። የዛሬ ቤታቸው ወጋግራ ከዚያ ደን የመጣ ነው። ዛፍ ጠልተን አይደለም ይላሉ። ያ ዛፍ የማን እንደሆነ ነግሯቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የመንግሥት ነው ብለው ነበር የሚያስቡት፤ መንግሥት ሲሄድ ባለቤት አልባ ሆነ። ከእኔ ረጅም ጥያቄ ይልቅ ይኼ አጭር መልስ ነገሩን ገላልጦታል።

7 ጋሼን በአክብሮት አረማቸው። ሁሉም ቦታ አልፈረሰም አለና ትግራይ ክልተ አውላዕሎ ውስጥ ያለችውን አብርሃ ወአጽብሃን አነሣ። በድርቅ የተነሣ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር ተብሎ ታስቦ የነበረባት ቦታ ናት። ሰዉ አንሄድም ብሎ ተራራውን ከለለ፣ ውሃ የሚይዝ ክትርና ኩሬ ሠራ፣ የጉድጓድ ውሃው ቅርብ ሆነ። ዛፍ የሚቆርጥ ምን እንደሚቀጣ ራሱ ነዋሪው በመተዳደሪያ ደንቡ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያስተባብረውን የኢኳተር ሽልማት አግኝታለች።

8 ደግሞ 7ን አልለቀቀውም። ትግራይም ቢሆን ነጻ ጉልበቱ ግዴታ እንደነበር፣ ሰው በየዓመቱ ለሳምንታት ያለ ክፍያ እንደሚሠራ አስታወሰ። ክልሉ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት ወስዷል። ስለዚህ ግዴታና ምክክር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ነው ነጥቡ። ይኼን አላሰብኩትም ነበር። ከዚያ በጦርነቱና መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ሰው ለማገዶና ለከሰል ከተከለለው ደን ብዙ እንደቆረጠ ጻፈና አቆመ። ከሥሩ ለግማሽ ቀን ማንም አልጻፈም።

9 ላይ አየሩ ተቀየረ። ጸሐፊው እኔን በቀጥታ ያዘኝ። ሁለት ሜትር ቆፍሮ እጁ የተላጠ የከተማ ሰው ስለ ገበሬ ሊያስተምረን አይገባም ባይ ነው። አፈር ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ገበሬው ይጠየቅ ከተባለ ልቅ ግጦሽና ባህር ዛፍ ነው የሚመርጠው፤ ያኔ ተራራው ዐለት ሆኖ ይቀራል። ስለ እጄ ያለው እውነት ነው። ስለ ገበሬው ያለው ግን አናደደኝ፤ ልመልስ ስል ሌሎች ቀደሙኝ።

10 ባጭሩ ናቀው። 11 በረጅሙ። 11 የኮንሶ ልጅ ነው። የኮንሶን እርከን ማን ወረዳ ነው ያዘዘው ብሎ ጠየቀ። ከ400 ዓመት በላይ፣ ከ20 በሚበልጡ ትውልዶች፣ ያለ ኮታና ያለ ቃለ ጉባኤ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ መዝግቦታል። እዚያ እርከኑ የፈረሰበት ሰው ወሬ ይሆናል፤ ግንቡን የሚጠግነው ዘመቻ ጠብቆ አይደለም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ 9ን ስለ ትምህርቱ ነካካው። 12 ተሰርዟል፤ ምን እንደሚል ያየሁት እኔና ሌሊት ያልተኙ ጥቂቶች ነን። 13 ሁለቱንም ገላግሎ ወደ ነገሩ መለሰን።

14 የመንዝ ልጅ ናት፤ የጓሳን ታሪክ ይዛ መጣች። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ደጋ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበት። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሰዉ ራሱ አለቃ እየመረጠ ሣሩን በጋራ ሲጠብቅ ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲበረታ ይከፈታል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። ገሳ ምን እንደሆነ የማታውቁ የከተማ ልጆች፣ እረኛ ዝናብ የሚከላከልበት የሣር ካባ ነው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ የድሮው ሥርዓት መሠረቱ ተናጋ። ነዋሪው ግን በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ አሁን በክልሉ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። አያቷ የጓሳ ጠባቂ እንደነበሩ ስትጽፍ ኩራቷ ያስታውቃል።

15 ስሜቷን ሳይጎዳ ቁም ነገር ጣለ። በድሮው ሥርዓት ጓሳ ላይ መብት የነበረው የአቅኚዎቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ የሚል ነው። ከዘር ውጪ የሆነውስ? ሕዝብ ይወስን ስንል የትኛው ሕዝብ ነው?

16 ከዚሁ ላይ ቀጠለች። እኔ ያነሣኋትን ጎረቤት፣ ቦረቦር የበላባትን ሴት፣ ከእሷ በቀር ያስታወሳት ሰው አልነበረም። ዘመቻው ላይ የሴት አባወራ እንደማንም ትቆጠራለች፤ ካልመጣች ትቀጣለች። ስብሰባው ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዛፍ ሥር ነው። ወንዱ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ሴቷ ከኋላ ትቆማለች፣ ወይ ቤት ቡና ታፈላለች። ጸሐፊዋ እኔንም አልማረችኝም። አጎትህን ጠይቀሃል፣ እሷንስ ጠየቅሃት ወይ ነው ያለችው። አልጠየቅኳትም። ማሳዋን ፎቶ አንሥቼ ነው የተመለስኩት።

ከ17 እስከ 23 ያለው መንገድ ስቷል። 17 እምቦጭን አነሣ። በ2013 ጥቅምት ጣና ላይ የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል እሱም ነበረ። 18 የጣናን አሣ አስጋሪዎች አስታወሰ፤ ነፋሱ አረሙን በየትኛው ወር ወደየትኛው ዳር እንደሚገፋው ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም ብሎ። 19 ቀለደ። 20 በመሀል የባህር ዛፍ አጠና አሁን ስንት እንደገባ ጠየቀ፤ አምርሮ ነው። 21፣ 22 እና 23 ከየከተማቸው ዋጋ ጻፉለት። ከሁሉ ፈጣን መልስ ያገኘው ይኼ ጥያቄ ነው። 9 ትክክል ነበር እንዴ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

24 ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህት ናት። የሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2021 የአየር ንብረት የድርጊት ዕቅድ አውጥቷል፤ በ2035 የካይ ጋዝ ልቀቱን ሙሉ በሙሉ ለማስቀረት። እዚያ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ ካውንቲው አማርኛን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። እሷም አንድ ጊዜ በኢንተርኔት አስተያየት መስጫ ላይ ገብታ ተናግራለች። ሦስት ደቂቃ ተሰጣት። የምትኖርበት አፓርታማ በበጋ እንደ ምድጃ እንደሚግል፣ የተከራይ ዕጣ ምን እንደሆነ ተናገረች። አመስግነው ቀጣዩን ጠሩ። የተናገረችው የት እንደደረሰ አታውቅም። እዚህም እንደዚያው ነው ለማለት ሳይሆን፣ መናገርና መሰማት ሁለት እንደሆኑ ለማሳየት ነው የጻፈችው።

25 በሽሙጥ መለሰላት። እኛ ሦስት ሰከንድ አላገኘንም፣ እናንተ በሦስት ደቂቃ ታለቅሳላችሁ በሚል መንፈስ። እሷ አልመለሰችለትም። ደግ አደረገች።

26 ወላይታ፣ ሁምቦ አካባቢ ዘመድ አለው። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ ከአሮጌ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው እየተገረዘ ደን ሆኗል። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ያስተዳድሩታል። ደኑ ለሚይዘው ካርቦን የዓለም ባንክ ፈንድ ይከፍል ነበር፤ 165,000 ቶን ለመግዛት ነው የተዋዋለው። 26 ያተኮረው ግን መጀመሪያ ላይ በነበረው ፍርሃት ነው። ሰው መሬታችን ሊወሰድ ነው ብሎ እምቢ ብሎ ነበር። የተረጋጋው የተጠቃሚነት መብቱ በማኅበሩ ስም በወረቀት ሲሰጠው ነው። የጋሼን መልስ፣ 6ን፣ መልሳችሁ አንብቡ ብሎ ጨረሰ።

27 ገንዘቡን ማን በላው አለ፤ እንደዚሁ ነው ያለው። 28 ማኅበራቱ ካደረጉት ውስጥ ወፍጮና የእህል መጋዘን እንዳሉበት ጠቀሰ። 27 አላመነም። ሁለቱ እስከ 31 ድረስ ተነታረኩ፤ በመሀል ገብቶ አንድ የረባ ነገር የተናገረው 29 ብቻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው የአየር ንብረት ቃሏ ልቀቷን በ2030 ምንም ባይደረግ ከሚደርስበት በ68.8 በመቶ ለመቀነስ አቅዳለች፤ አብዛኛው ቅነሳ ደግሞ የሚጠበቀው ከደንና ከመሬት አጠቃቀም ነው። በሌላ አነጋገር የአጎቴ ተራራ ለዓለም ቃል ተገብቶበታል። አጎቴ ይኼን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ለመገመት ይከብደኛል።

32 ላይ 9 ተመልሶ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም። ግን ማን እንደሆነ ነገረን፤ የወረዳ ባለሙያ ነው። ኮታውን እሱ አይፈጥረውም፣ ከዞን ይመጣለታል። የእርከን ርዝመት በሜትር ይለካል፤ የሽማግሌ ምክር በምን ይለካ? ሪፖርቱ ላይ ለእሱ የሚሆን ዓምድ የለም። አንድ ተፋሰስ ሦስት ሳምንት ከፈጀ፣ ሠላሳ ተፋሰስ ባለበት ወረዳ፣ መኪናው አንድ በሆነበት፣ እንዴት ይሁን አለ። ድምፁ ከ9 ይልቅ ወደ 4 የቀረበ ነበር።

33 የ4 ነው። ሦስት ሳምንቱ ቀርቶ ሁለት ቀን በቂ ነው አለ፤ አንድ ቀን ከሽማግሌዎች፣ አንድ ቀን ከሴቶች ጋር፣ የእርከኑ መለኪያ ገመድ ከመወጠሩ በፊት በእግር ዞሮ ውሃው የት እንደሚወርድ መጠየቅ። ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ በሁለት ጎጥ ሊሞክረው ነው። ኮታውንም ይሞላል፤ ቦታውን ግን እነሱ ያሳዩታል።

ይኼን ለአጎቴ ደውዬ ነገርኳቸው። አዳምጠው አዳምጠው፣ «ታኅሣሥ ደረቅ ነው፤ ምን ያያል? ሐምሌ ዣንጥላ ይዞ ይምጣ፤ ጎርፉ ራሱ ይነግረዋል» አሉኝ። ጎረቤታቸውንም ጠይቁልኝ አልኳቸው። እሷማ ዝናብ ሲጥል ሌሊት ተነሥታ ነው የምታየው፣ ከእኔ ይልቅ እሷን ያናግር አሉ።

እንዳለ ለ4 ጻፍኩለት። 34 የእሱ መልስ ነው። ሐምሌ የማዳበሪያ ሥርጭት ላይ ስለሆነ ከጣቢያ መውጣት አይችልም። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ፍልሰታ እንደገባ፣ አንድ ቀን ይሞክራል። ለዣንጥላውም ተራራው ላይ ነፋስ ስላለ ገሳ ይሻላል ብሏል፤ 14 ካላት ታውሰው።